በአሦር ጽዋ ላይ ያሉት ጎድጓዶች

ጥያቄ፦ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ በዛሬዋ ኢራቅ ካለችው ከጥንታዊቷ የአሦር ከተማ ከነምሩድ የተገኘ ስስ የሸክላ ጽዋ ተመልክቼ ነበር። ሆዱ ዙሪያውን ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው። አፈር ተጭኖት ነው ወይስ ሠሪው አስቦበት? ደግሞስ የአሦር ንጉሥ ወርቅና ብር ሞልቶት ሳለ በሸክላ ይጠጣ ነበር?
አንባቢያችሁ ከለንደን

መልስ፦ ሠሪው አስቦበት ነው። ሸክላ ሠሪው ጽዋውን በመንኮራኩር ላይ ስስ አድርጎ ካወጣው በኋላ ጭቃው ሳይደርቅ ከውጭ በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ሆዱን በረድፍ ያጎደጉደዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጎድጓድ የጣት ጫፍ ያህል ሲሆን፣ ወደ ውስጥ ለተመለከተ ሰው እዚያው ቦታ ላይ እብጠት ሆኖ ይታያል። አፈር የተጫነው ዕቃ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል እንጂ እንዲህ በሥርዓት አይጎደጉድም። ብዙ አጥኚዎች ሠሪዎቹ የተቀጠቀጠ የብርና የነሐስ ጽዋ ለማስመሰል ብለው ነው ይላሉ። እኔም እስማማለሁ፤ ሆኖም መቀመጫው ጠባብ ወይም ክብ ስለሆነ ከእጅ የማይወርድ ጽዋ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ማግኘቱ ቀላል ጥቅም አይመስለኝም።

እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳው ከጭቃው ጥራት የተነሣ ነው። ጠጠርና ገለባ የሌለበት ልም ጭቃ ሲተኮስ ገርጣ ያለ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መልክ ይይዛል።

ወርቁን በተመለከተ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በነምሩድ ቤተ መንግሥት ወለል ሥር ከተገኙት የንግሥቶች መቃብሮች በአንዱ ውስጥ ስማቸው የተቀረጸባቸው የወርቅ ሳህኖች ነበሩ። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ የሚያጠጣው ነገሥታቱን ብቻ አልነበረም። የስልምናሶር ምሽግ ተብሎ በሚጠራው የነምሩድ ሕንፃ ውስጥ የተገኙ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ8ኛው መቶ ዓመት የሸክላ ጽላቶች፣ ከንግሥቲቱ ጀምሮ እስከ ሙዚቀኞችና አስተርጓሚዎች ድረስ ለእያንዳንዱ የሚሰፈረውን የወይን ጠጅ መጠን ይዘረዝራሉ። ይህ ሁሉ ሰው በብር ዋንጫ ይጠጣ ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

አጥኚዎች ይህን ሸክላ «የቤተ መንግሥት ዕቃ» ማለታቸውም ትንሽ ያሳስታል፤ በነምሩድ ተራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥም ተገኝቷልና። ከአሦር ርቆ፣ እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 በቆፈረበት በጋዛ አቅራቢያ በሚገኘው ቴል ጀሜህ እንኳ ተመሳሳይ ዕቃ ወጥቷል፤ የየአገሩ ሸክላ ሠሪዎችም በራሳቸው ጭቃ ቅርጹን ይኮርጁ ነበር።