ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት ችግሩ የየትኛው ሶፍትዌር እንደሆነ ይለዩ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ለመጀመር ያገለገለ ኮምፒውተር መግዛትዎን ገልጸው፣ የሶፍትዌር ዓይነቶች ምንና ምን እንደሆኑ፣ ለሥራዎም የትኞቹ እንደሚያስፈልጉ ጠይቀዋል። እኔ በደሴ ከተማ ይህንኑ ሥራ ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል። ዓይነቶቹን ለይቶ ማወቅ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ብልሽት ሲያጋጥም ነው፤ ብዙ ሰው ሳይለይ «ፎርማት ይደረግልኝ» (ሁሉም ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንልኝ ማለት ነው) እያለ ገንዘቡንም ፋይሉንም ያጣል።

ሶፍትዌር በተለምዶ ሲስተምና አፕሊኬሽን ተብሎ በሁለት ይከፈላል። የሲስተም ሶፍትዌር ማሽኑን የሚያሠራና ለሌሎች ፕሮግራሞች መሠረት የሚሆን ነው። እንደ ዊንዶውስና ሊኑክስ ያሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች፣ ፕሪንተሩንና ስካነሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባቡ ድራይቨሮች፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ባዮስም የዚህ ወገን ናቸው። አንድ መምህር «ብሮውዘሩ ድረ ገጽ አልከፍት አለኝ» ብለው ዴስክቶፓቸውን ሲያመጡልኝ፣ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ ነበር። የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ያቺ ሳንቲም የምታክለው፣ አልቃ ኖሮ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ባዮሱ የሚይዘው ቀን በብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ብሮውዘሩ ደግሞ የድረ ገጾችን የደኅንነት ሰርተፊኬት የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ስለሆነ አይከፍትም። ባትሪዋን ቀይሬ ቀኑን ሳስተካክል ሁሉም ተከፈተ።

አፕሊኬሽን የሚባለው የምንፈልገውን ሥራ የምንሠራበት ነው፤ ለደብዳቤ ዎርድ፣ ለሠንጠረዥ ኤክሴል፣ ለጉርድ ፎቶግራፍ ፎቶሾፕ፣ ለሒሳብ መዝገብ ፒችትሪ ማለት ነው። እነዚህን ስለሚያውቋቸው አላስረዝምም።

በእኛ ሥራ ብዙ ራስ ምታት የሚያመጣው የአማርኛ ጽሑፍ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን በፍላሽ አምጥታ ስንከፍተው፣ ገጹ ሁሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ታየ፤ ልጅቱ ፋይሉ የጠፋ መስሏት አለቀሰች። ፋይሉ አንዳች አልሆነም፤ የጎደለው የተጻፈበት ፎንት ብቻ ስለነበር፣ እሱን ስጭን ጽሑፏ እንዳለ ተመለሰ። ስለዚህ አዲስ ሥራ ሁልጊዜ በዩኒኮድ ይጻፉ፤ የቆዩትን ፎንቶች ግን ለደንበኛ ሲባል ከኮምፒውተርዎ አያጥፉ።

አንቲቫይረስም ለእርስዎ የግድ ነው፤ የደንበኛ ፍላሽ በየቀኑ ይገባልና። ፍላሹ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ወደ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት) ተለውጠው ካዩ ተጭነው አይክፈቷቸው፤ ፍላሹንም ፎርማት አያድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም።

የገዙት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ከሆነ፣ መደበኛ ድጋፉ (ከማይክሮሶፍት የሚላክለት የደኅንነት ማሻሻያ) ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ፣ ማሽኑ ያሟላ እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። ካላሟላ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተምና እንደ ዎርድና ኤክሴል የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ በነፃ ይገኛሉ፤ ለጽሕፈትም በቂ ናቸው። ነገር ግን ፎቶሾፕና ፒችትሪ ለዊንዶውስ እንጂ ለሊኑክስ ስላልተዘጋጁ፣ የፎቶግራፍ ሥራ ካሰቡ ከዊንዶውስ ባይወጡ እመክራለሁ። ፕሪንተር ሲገዙም የሞዴሉን ቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ ድራይቨሩንም ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው በተለየ ፍላሽ ያስቀምጡ፤ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ደንበኛ ቆሞ አይጠብቅዎትም።