ክንዱን ዘረጋ ማለት ኳሱ ሞተ ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቅም ንዴትም መጣብኝ። «ልጄ ስትሮጥ ኳስ ያልያዘች ልጅ መንገድ ዘጋችባት፤ አምፓየሩ (ዳኛው) አይቶ ክንዱን ዘረጋ፤ ጨዋታውን ግን አላስቆመም፤ መጨረሻ ላይ አውት (ከሩጫው ውጪ) አላት። ታዲያ ክንዱን ለምን ዘረጋ?» ነው ያልሽው። የትኛው ቤዝ (ሯጯ በተራ የምትረግጠው ማረፊያ) ላይ አውት እንደተባለች አልጻፍሽም። ግድ የለም፣ የኔው ታሪክ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ልጄ ከ10 ዓመቷ ጀምሮ ሶፍትቦል (ኳስ በዱላ መትቶ ቤዝ ለቤዝ የሚሮጥበት፣ የቤዝቦል ዘመድ) ትጫወታለች። በገንዘቤና በጉሮሮዬ የተማርኩትን ልንገርሽ።

1. ያ የተዘረጋ ግራ ክንድና የተጨበጠ ቡጢ «ዲሌይድ ዴድ ቦል» ይባላል። ጥፋቱን አይቻለሁ፣ ግን ይቀጥል ማለቱ ነው። እግር ኳስ ላይ ዳኛው አድቫንቴጅ እንደሚሰጠው ማለት ነው። ኳሱ አልሞተም፣ ጨዋታው አልቆመም ማለት ነው። ሯጮቹ ይሮጣሉ፣ ተከላካዮቹ ይወረውራሉ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አንድ ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ነጠላዋን ተከናንባ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ምነው ሰውዬውን ክንዱን ደነዘዘው እንዴ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ከዚያ ብዙ የተሻለ አልገባኝም ነበር።

ኳሱ ወዲያው የሚሞተው ሯጯ ተከላካይዋን ስታደናቅፍ ነው። እሱ ኢንተርፊረንስ ነው፤ አውት ያስብላል። ተከላካይዋ ሯጯን ስትዘጋ ኦብስትራክሽን ነው። ሁለቱን እያምታታሽ ዳኛ ፊት ከቆምሽ አለቀልሽ። ቤዝቦል የሚያይ ጎረቤትሽንም አትጠይቂ። የነሱ ሕግ ሌላ ነው።

2. መጋጨት አያስፈልግም። ሯጯ በመዘጋቷ ፍጥነት ከቀነሰች ወይም ዞራ ካለፈች በቂ ነው። ተከላካይዋ ወይ ኳሱን መያዝ አለባት፣ ወይ ከተመታው ኳስ ጋር እየታገለች መሆን አለባት። «ኳሱ እየመጣላት ነበር» ማለት አያድናትም። ኳስ ሳይኖራት ታግ ለማድረግ (ኳስ በያዘ እጅ ሯጯን ለመንካት) የምታስመስልም ያው ናት።

3. ይሄኛው ነው ያቃጠለኝ። ያን ቀን የሦስተኛ ቤዝ አሰልጣኙ (ሯጮቹን ነይ ወይም ቁሚ የሚለው) ቀርቶ እኔ ቆሜያለሁ። (የኛ ሊግ በፈቃደኛ ወላጅ ነው የሚሄደው፤ ፈቃደኛ ማለት ደግሞ ቶሎ ያልሸሸ ነው።) ልጄ ኳሱን በግራና በመሀል ሜዳ መካከል ሰነጠቀችው። አንደኛ ቤዝን ስትዞር የቤዟ ተጫዋች ባዶ ጓንቷን ይዛ መንገዱ ላይ ተገትራለች። ልጄ በትከሻዋ ገጭታት አለፈች። ሄልሜቷ ተንጋደደ፣ ሹሩባዋ ፊቷ ላይ ወደቀ። የአምፓየሩ ክንድ ወጣ። አየሁት! በቃ፣ አሁን ማንም አይነካትም ብዬ ክንዴን እንደ ወንጭፍ አሽከረከርኩት። «ነይ! ነይ! ነይ!» ሁለተኛን አልፋ መጣች። ኳሱ ቀድሟት ደርሷል። አምስት እርምጃ ሙሉ ሲቀራት እዚያው ጠበቋትና ታግ። አውት።

ጮህኩ። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። ልጅቱ አውት የማትባለው በተዘጋችበት በሁለቱ ቤዞች መካከል ነው። አንደኛና ሁለተኛ መሀል ታግ ቢያደርጓት ኖሮ ያኔ ኳሱ ይሞታል፣ አውትም የለም። (ቤዝ ሳትረግጥ ካለፈች ወይም ራሷ ተከላካይ ካደናቀፈች ሌላ ጉዳይ ነው።) ከዚያ ዳኛው «ባትዘጋ ኖሮ የት ትደርስ ነበር?» ብሎ ያስብና እዚያ ያስቀምጣታል። ወደ አንደኛም ሊመልሳት ይችላል። እሱ ካሰበላት ቤዝ አልፋ ከሮጠች ግን በራሷ ነው። ሂሳቡ እርምጃ ነው። ከቤዝ ቤዝ 60 ጫማ ብቻ ስለሆነ ሁለት እርምጃ ብዙ ነው። መዘጋቱ ሁለት እርምጃ በልቶባት በአንድ እርምጃ ተይዛ ቢሆን ሦስተኛን ይሰጣት ነበር። በአምስት እርምጃ ስትያዝ ግን አውት ያደረጋት የአባቷ ክንድ ነው።

ያን ጊዜ ይሄን ማን ነግሮኝ። እኔ ስጨቃጨቅ ፒቸሯ (ኳስ ወርዋሪዋ) ቀጣዩን ኳስ ወረወረች። ፕሮቴስት (መደበኛ ተቃውሞ) ደግሞ ከቀጣዩ ውርወራ በፊት ካልተባለ የለም። እኔ ይሄንንም ሳላውቅ ፕሮቴስት ላስመዘግብ ወደ ቶርናመንቱ (ውድድሩ) ጠረጴዛ ሄድኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «100 ዶላር፣ ካሽ» አለኝ። ስሜን ጠየቀኝ። ፊደል በፊደል ስነግረው አራተኛው ላይ «ተወው» ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከአውቱ ይልቅ እሱ ነው። ለነገሩ ብከፍልም ገንዘቤ ቀልጦ ይቀር ነበር። ዳኛው በዓይኑ አይቶ በገመተው ላይ ፕሮቴስት አይሠራም። የሚሠራው ሕጉን ራሱን ሲሳሳት ነው።

በዓመቱ ግን ተካስኩ። ካቸሯ (ሆምን የምትጠብቀው ተከላካይ) ኳስ ሳትይዝ ሆም (ነጥብ የሚቆጠርበት የመጨረሻው ቤዝ) ላይ እግሯን ዘርግታ ዘጋች። ልጄ ተንሸራታ ስትገባ የካቸሯ ቅልጥም ላይ ተገታች። ከዚያ ኳሱ መጣና ታግ። የሆሙ ዳኛ አውት አለ። እኔ ግን ያን ጊዜ ሌላኛውን ዳኛ ነበር የማየው። ግራ ቡጢው ወጥቷል። አልጮህኩም። ታይም ጠየቅኩ፣ በእርጋታ ሄድኩና «ከባልደረባዎ ጋር ቢነጋገሩበት? እግሯን ስትዘረጋ ኳሱ የት ነበር?» አልኩት፣ በጨዋ ደንብ። ሁለቱ ተንሾካሾኩ። ተመለሰ፣ ትንሿን ብሩሹን ከኪሱ አውጥቶ አቧራውን ጠረገ፣ ቀና አለና ነጥቡ ይቆጠራል አለ። ሌሎቹ ወላጆች በስሜ ጠሩኝ፤ አጠራራቸው ልክ ባይሆንም።

ስለዚህ ልጅሽን የት ጋ ታግ እንዳደረጓት ጠይቂያት። እዚያው በተዘጋችበት መሀል ከሆነ ዳኛው ሕጉን ስቷል፤ ለሚቀጥለው እዚያው በዚያው «ፕሮቴስት» በሉ። አልፋ ሄዳ ከሆነ ግን ሦስተኛ ቤዝ ላይ ቆሞ ነይ ነይ ያላትን ሰው ፈልጊ። ባልሽ ከሆነ በዘዴ።