«ልጆቼ እየረበሹ ወደ አምልኮ ላምጣቸው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉኝ። ከባለቤቴ ጋር ወደ አምልኮ ስንወስዳቸው ትንሿ ታወራለች፣ ከወንበር ወንበር ትዘላለች፤ ትልቁ ደግሞ «መቼ ነው የሚያልቀው?» እያለ ይነዘንዘኛል። በቅርቡ አንድ አባት ዞር ብለው «ልጅ እስኪያድግ ቤት ቢቆይ ምን አለበት?» አሉኝ። አፍሬ ይዣቸው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንዳችን ስንሄድ ሌላችን ከልጆቹ ጋር እንቀራለን። ስልክ ሰጥቼ ዝም ባሰኛቸውስ ብዬም አስቤአለሁ። ለልጆች የሚዘጋጀው ትምህርትስ ለጊዜው አይበቃቸውም?

መልስ፦ በሚቀጥለው እሑድ አራታችሁም ኑ፤ ስልኩም ከቦርሳዎ አይውጣ።

ሙሴ ሕጉ በየ7 ዓመቱ በዳስ በዓል ለሕዝቡ እንዲነበብ ሲያዝዝ፣ ከወንዶችና ከሴቶች ጋር ሕፃናትም እንዲሰበሰቡ አዘዘ። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ የማያውቁ ልጆቻቸው ይሰሙ ዘንድ፣ እግዚአብሔርንም መፍራት ይማሩ ዘንድ ነው (ዘዳ. 31፥10-13)። እኛ ልጅ ቤት እንዲቀር የምናቀርበው ሰበብ «ገና አያውቅም» የሚል ነው። ለሙሴ ግን ልጁ የሚመጣው ስለማያውቅ ነው። ነቢዩ ኢዮኤልም ጾም ሲታወጅ ጡት የሚጠቡትን እንኳ ሰብስቡ ብሏል (2፥16)። ጡት የሚጠባ ሕፃን የጾሙን ዐዋጅ አይረዳም፤ ከሕዝቡ ግን አይቈጠርም አልተባለም።

ጳውሎስ መልእክቶቹን የሚጽፈው በጉባኤ እንዲነበቡ ነበር (ቆላ. 4፥16)። ሚስቶችንና ባሎችን በየተራ ከጠራ በኋላ በወላጆቻቸው በኩል ሳይዞር በቀጥታ «ልጆች ሆይ» ይላል። በዚያ የሌሉ ቢሆኑ ኖሮ ማንን ይጠራ ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትዎ ልምጣ፤ ዝም ማሰኘቱ ነው። እኔም ከዚህ ፈተና ያመለጥሁ አይደለሁም። የበኩር ልጄ 4 ዓመቱ ሳለ በአምልኮ ሰዓት ሥራዬ እርሱን መቈጣት ነበር። አንድ ማታ አሻንጉሊቶቹን ግድግዳ ሥር በተርታ ደርድሮ «ቤተ ክርስቲያን» ሲጫወት ደረስሁበት። መዝሙር ይዘምራል ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ «እሽሽ! ዝም በል! ቀጥ በል!» ይላል። ሌላ ቃል አልነበረውም። ከጎኔ ተቀምጦ ስንት እሑድ ያሳለፈው ልጅ ከእኔ የቀሰመው አምልኮ ይኸው ነበር።

ስለዚህ ለልጅ ከዝምታ በፊት ድርሻ ይሰጠዋል። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ኢየሩሳሌምን የተሳለመች ኤገሪያ የተባለች ሴት ያየችውን ጽፋ ትታልናለች። በሠርክ ጸሎት ዲያቆኑ የሰዎችን ስም እየጠራ ሲያስብ፣ ብዙ ትንንሽ ልጆች ቆመው በየስሙ «ኪርያላይሶን» (አቤቱ ማረን) እያሉ ይመልሱ ነበር። ድምፃቸው ስፍር ቍጥር አልነበረውም ትላለች። ዘዴውን ይመልከቱት። ቃሉ አጭር ነው፣ ይደጋገማል፣ ለሚያስብለትም ሰው ስም አለው። ይህን የ4 ዓመት ልጅ ይችለዋል። እናንተም ቤት ውስጥ ከእራት በኋላ አንዲት የመዝሙር አዝማች፣ የአባታችን ሆይን አንድ ሐረግ፣ «አሜን» የሚባልበትን ቦታ አለማምዷቸው። እሑድ ያ ቃል ሲመጣ ትንሿ ቀና ብላ ታይዎታለች፤ «ይህንንማ ዐውቀዋለሁ» የሚል ፊት ነው። ምጽዋቱንም እርስዎ አይስጡላት፤ በእጇ ይዛ ትስጥ።

ቦታችሁንም ቀይሩ። ልጅ ያላቸው ወላጆች እንዳይታዩ ሲሉ ከበሩ አጠገብ፣ ከኋላ ይቀመጣሉ። ከዚያ ሆኖ የ4 ዓመት ልጅ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው፤ ታዲያ ወንበር ላይ ባትዘል ምን ታድርግ? የሚነበበውንና የሚጸለየውን በዓይኗ ወደምታይበት ወደ ፊት ቀረብ በሉ። ትልቁ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲል ከመቈጣት «ይህ ጸሎት ካበቃ በኋላ ንባብ አለ፣ ከዚያ እንዘምራለን» ብለው በጆሮው ይንገሩት። ብዙ ጊዜ የሚጨንቀው ርዝመቱ ሳይሆን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አለማወቁ ነው።

ስብከቱ ከባድ ነው፤ አልዋሽዎትም። ጳውሎስ ነገሩን እስከ እኩለ ሌሊት ባስረዘመ ጊዜ አውጤኪስ የሚሉት ጎበዝ አንቀላፍቶ ከ3ኛው ደርብ ወድቋል (ሐዋ. 20፥9)። እኛ ሰባኪዎች ይህን ታሪክ አዘውትረን ብናነብ ለልጆችም ለአዋቂዎችም ይበጃል። ለትልቁ ወረቀትና እርሳስ ይስጡትና ከሰማው አንድ ነገር ይሣል። ትንሿ እቅፍዎ ውስጥ ብትተኛ ምንም ኀጢአት የለበትም። ስልኩን የከለከልሁት ግን ልጁን ዝም እያሰኘ ከመካከላችሁ ስለሚወስደው ነው። አጠገብዎ ተቀምጦ ሌላ ቦታ ከሚኖር፣ ተሰላችቶም ቢሆን ከእናንተ ጋር ቢሆን እመርጣለሁ።

ለቅሶው ሲበረታ ይውጡ፤ ሲረጋጋ ይመለሱ። መውጣቱ ነውር የለበትም። ውጪው መጫወቻ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ለቅሶው ቶሎ ይጀምራል። ከባለቤትዎ ጋር በየተራ ብትወጡ አንዳችሁ ብቻ አትደክሙም።

ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ጥሩ ነው፤ ይግቡ። ነገር ግን በዚያ የሚማሩት ከእኩዮቻቸው ጋር ነው። አባታቸው ተንበርክኮ፣ እናታቸው እየዘመረች የሚያዩት በጋራው አምልኮ ነው። ይህን ማንም መምህር አይተካላቸውም።

ያ አባት ያሉት እንዳሳዘነዎት ይገባኛል። ደቀ መዛሙርቱም ሕፃናትን ያመጡትን ሰዎች ገሥጸው ነበር። ጌታችን የተቈጣው ግን በሕፃናቱ ወይም በእናቶቻቸው ላይ አልነበረም፤ «ሕፃናትን ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉ አትከልክሉአቸው» አለ (ማር. 10፥14)። ይህን ጥቅስ ግን ለእኚያ ሰው መልስ አድርገው አይወርውሩት። እሑድ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ድረሱና ሁለቱንም ልጆች ይዘው ሰላም ይበሏቸው፤ ስማቸውን ልጆቹ ራሳቸው ይንገሯቸው። ከዚያ አጠገባቸው ቦታ ካለ እዚያው ተቀመጡ።