ከድራማ ወደ ራፕ ልሻገር ብል ፕሮዲውሰሩ ሊከለክለኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ እተውናለሁ። ውሌ የ3 ምዕራፍ ነው። ሁለቱን ጨርሻለሁ፣ የሦስተኛው ቀረጻ ገና አልተጀመረም። ልቤ ግን ራፕ ላይ ነው፤ አንድ ነጠላ ዜማም ቀርጬ ጨርሻለሁ። ሰው የሚያውቀኝ በገጸ ባሕርዬ ስም ስለሆነ በዚያው ስም ልለቀው አስቤያለሁ። መግቢያው ላይ ከድራማው የታወቀች አንዲት ንግግሬን ቆርጬ አስገብቻለሁ። ቢቱን (ራፕ የምልበትን ሙዚቃ) ከዩቲዩብ ነው ያወረድኩት። ፕሮዲውሰሩ ይህን ሲሰማ «በሌላ ሥራ አልሳተፍም ብለህ ፈርመሃል፤ 600,000 ብር ገደብ (የውል ማፍረሻ ቅጣት) ትከፍላለህ፣ ሦስተኛውንም ምዕራፍ በግድህ ትሠራለህ» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የላኩትን የውል ኮፒ አንብቤዋለሁ። ፕሮዲውሰሩ ከተናገረው ውስጥ ትክክል የሆነ አለ፣ ከሕጉ አልፎ የሄደም አለ። እርስዎን ያስጨነቀዎት 600,000 ብሩ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የገጸ ባሕርዩ ስምና ያቺ ንግግር ናቸው።

«በግድህ» ከምትለው ልጀምር። በግድ የሚያስተውንዎ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1776 ውል በግዴታ እንዲፈጸም የሚታዘዘው ጠያቂው የተለየ ጥቅም ሲኖረውና የባለዕዳው የግል ነጻነት የማይነካ ሲሆን ነው ይላል። ሰውን ካሜራ ፊት አቁሞ «ተውን» ማለት ነጻነቱን መንካት ነው። ይህ ማለት ግን ውሉን ጥለው በነጻ ይወጣሉ ማለት አይደለም።

ወደ ገደቡ እንምጣ። የውልዎ መጨረሻ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ከቤት ሽያጭ ውል ጀምሮ ሁላችንም የምናውቃት ናት፦ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ውሉን ላከበረ ወገን ብር 600,000 ገደብ ከፍሎ ውሉ በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731፣ 1889 እና 1890 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ይሆናል።» ብዙ ሰው ሳያነባት ይፈርማል። ቁጥሮቹ ግን ለጌጥ አልተጻፉም። በ1731 መሠረት በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። ገደብ ደግሞ ክፉ ጎኑ፣ ጠያቂው ይህን ያህል ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ዳኛውም «በዛ» ብሎ ዝም ብሎ አይቀንሰውም።

የእርስዎ መከራከሪያ ያለው አንቀጽ 1893 ላይ ነው። ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ፍርድ ቤት ገደቡን ሊቀንስ ይችላል። ከ3 ምዕራፍ ሁለቱን ሠርተዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቀረጻ መርሐ ግብሩን፣ የተከፈለዎትን ክፍያ ደረሰኝና የባንክ ማስረጃ ከአሁኑ ይሰብስቡ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። ፕሮዲውሰሩ «በሌላ ሥራ» ቢልዎትም ውሉ ላይ የተጻፈው «በሌላ ተመሳሳይ የኪነ ጥበብ ሥራ» የሚል ነው። ራፕ ከተከታታይ ድራማ ጋር ተመሳሳይ ነው? እኔ አይደለም እላለሁ። ቢያንስ አጠራጣሪ ነው። የውል ቃል ሲያጠራጥር ደግሞ በአንቀጽ 1738 መሠረት ግዴታ ለገባው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል፤ እዚህ ግዴታ የገቡት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ዘፈን መልቀቅ ብቻውን ውል ማፍረስ ነው ብሎ ማሸነፍ ይከብደዋል። ሦስተኛውን ምዕራፍ ጥለው ከሄዱ ግን ያለ ብዙ ድካም ይረታዎታል። ራፑን ይጀምሩ፣ ድራማውን ይጨርሱ። ምክሬ ይሄ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የድራማው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶና አሰራጭቶ የመጠቀም መብት፣ የፕሮዲውሰሩ ነው። ድምፁ የእርስዎ ቢሆንም ቀረጻው የእርስዎ አይደለም። ያቺን ንግግር ቆርጦ ዘፈን ላይ መለጠፍ የሰው ንብረት መውሰድ ነው፤ ሆን ተብሎ ሲፈጸም ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቃል። የገጸ ባሕርዩም ስም ከዚያ አይሻልም። ፕሮዲውሰሩ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦት ከሆነ ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸናና የሚታደስ ነው። ባያስመዘግበውም፣ ስምዎ በሰው አፍ ከገባ በኋላ በክስ ቢነጠቁት ከዜሮ ሊጀምሩ ነው።

በዚህ መንገድ ቀድመው የሄዱ አሉ። ዛሬ ዓለም ድሬክ የሚለው የቶሮንቶው ኦብሪ ድሬክ ግራሃም በካናዳ የታዳጊዎች ድራማ ላይ ጂሚ ብሩክስ የሚባል ተማሪ ሆኖ ለዓመታት ተውኗል። በጥይት ተመትቶ ዊልቸር ላይ የቀረ ገጸ ባሕርይ ነበር። ወደ ራፕ ሲገባ ግን ጂሚን ይዞ አልመጣም፤ የራሱን መካከለኛ ስም ነው የያዘው። ዶናልድ ግሎቨርም በአሜሪካ የኮሜዲ ድራማ ላይ እየተወነ የራፕ አልበሙን ያወጣው ቻይልዲሽ ጋምቢኖ በሚል ሌላ ስም ነው። ሁለቱም የመድረክ ስማቸውን ከድራማው አልተበደሩም።

ቢቱን በተመለከተ፣ «ፍሪ» ተብሎ ስለተለቀቀ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ነጻ የሚሆነው ገንዘብ እስካላስገኘ ድረስ ነው። ሠሪውን ያግኙትና ለንግድ እንድትጠቀሙበት በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ካልሆነ ዘፈኑ ሲታይ ገቢው ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ ወይም ከነጭራሹ ይወርዳል። ግጥሙን ግን አይስጉ። የራስዎ ከሆነ ሳይመዘገብም ጥበቃ አለው።

ለፕሮዲውሰሩ ደብዳቤ ይጻፉ። ዘፈኑን በራስዎ ስም እንደሚለቁ፣ ከድራማው ምንም እንደማይወስዱ፣ የቀረጻ ቀኖችን እንደማያስተጓጉሉ ይግለጹና ስምምነቱን ይጠይቁ። ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳይ ፊርማ ኮፒዎ ላይ ያስፈርሙ። በስልክ «እሺ፣ ችግር የለም» ቢልዎት አይብቃዎት። ውሉ በጽሑፍ ስለሆነ ለውጡም በጽሑፍ ይሁን፣ 2 ምስክሮችም ይፈርሙበት። እምቢ ካለ በራስዎ ስም የመልቀቅ መከራከሪያዎ አሁንም ጥሩ ነው፤ የክስ አደጋ ግን አለው፤ ያን መዝነው ይወስኑ። ንግግሯን አሁኑኑ ያውጧት። የቢቱ ፈቃድ እጅዎ እስኪገባም ዘፈኑን የትም አይጫኑት።