የልጅ መነጽር ቁጥር በጠብታ ይለካ

እህቴ፣ «የ9 ዓመት ልጄ መነጽር ቤት በኮምፒውተር ተለክታ ማይነስ 1.75 ተባለች፤ መነጽሩን ስታደርግ ራሷን ያማታል፤ ላስወልቃት ወይስ ትልመደው?» ብለሽ ለጠየቅሽው የማውቀውን ልንገርሽ። ማይነስ ሩቁ ለሚደበዝዝበት ዓይን የሚታዘዝ ቁጥር ነው፤ ፕላስ ተቃራኒው ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም የዓይን እይታ የምለካ ባለሙያ ነኝ፤ ብዙ ልጆች ለክቻለሁ።

መጀመሪያ እኔም ልጠይቅሽ፦ ከመለካቷ በፊት ዓይኗ ላይ ጠብታ ተደርጎላታል? ካልተደረገላት ያንን ቁጥር አላምነውም።

የልጅ ዓይን ቅርብ ነገር ለማየት ውስጡ ያለውን ሌንስ ያወፍራል፤ በዚህ ላይ ከእኛ ከአዋቂዎቹ እጅግ ይበረታል። ማሽኑ ውስጥ የሚታየው ፊኛ ወይም ቤት ሩቅ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። ልጅ ግን አገጯን አስደግፋ ሳጥን ውስጥ ስታይ ዓይኗ ቅርብ ነገር እንደሚያይ ይወጠራል። ያን ጊዜ ማሽኑ የሌለ ማይነስ ያነባል፣ ወይም ያለውን ያበዛዋል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ የለካው የተወጠረ ዓይን ስለሆነ ነው።

አንድ ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ይዘው መጡ። ማይነስ 2.00 ታዞለት ለወራት አድርጎታል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግንባሩን ይዞ ይተኛል። የዓይንን ውጥረት ለጊዜው የሚፈታውን፣ ሳይክሎፔንቶሌት የሚባለውን ጠብታ አደረግንለት፣ 40 ደቂቃ ያህል ጠበቅን፣ ከዚያ በሬቲኖስኮፕ አየሁት። ይህች በእጅ የምትያዝ መሣሪያ ቀጭን የብርሃን መስመር ወደ ብሌን ትልካለች። መስመሩን ሳንቀሳቅሰው ከውስጥ የሚመለሰው ቀይ ብርሃን አብሮ ከሄደ ፕላስ፣ በተቃራኒው ከሄደ ማይነስ ሌንስ እየጨመርኩ እንቅስቃሴው እስኪጠፋ እቀጥላለሁ። የምቀመጠው 67 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ ካገኘሁት ላይ 1.50 እቀንሳለሁ። ልጁ አንዲት ፊደል ሳያነብ ዓይኑ ራሱ ይናገራል፤ መሣሪያዋን የምወዳት ለዚህ ነው። ያ ልጅ ፕላስ 0.50 ብቻ ነበር። መነጽሩን አስወለቅነው፣ ራስ ምታቱም ተወው።

ያንቺም ልጅ እንዲሁ ናት ማለቴ አይደለም። እውነተኛ ማይነስ ካላት ማድረግ አለባት። ራስ ምታቱም ከቁጥሩ ሳይሆን ከሌንሱ አቀማመጥ ሊመጣ ይችላል፤ የሌንሱ መሃል ከብሌኗ ትይዩ ካልዋለ ዓይን ይደክማል። ስለዚህ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት፣ ፒዲ የምንለው፣ ተለክቶ ወረቀቷ ላይ መጻፉን እዪ። እስክትመረመር ድረስ ግን እያመማት አታስገድጃት።

ልጆችን በጠብታ የሚመረምር የዓይን ክሊኒክ ውሰጃት። አዲሱን ቁጥር በመሞከሪያ ፍሬም አድርገው በ6 ሜትር ሰሌዳ ሳያስነብቧት መነጽር አትዘዢ። ቀጠሮውን ዓርብ ከሰዓት አድርጊው፤ ብሌኗ እስከ ማግስቱ ሰፍቶ ሊቆይ ስለሚችል ፀሐይ ያስቸግራታል፣ ደብተርም ይደበዝዝባታል። ባለ ጥላ ኮፍያ ይዘሽ ሂጂ።