ስንት ማዘዣ ይበቃኛል? በመድኃኒት አጠቃቀም ጥናት ላይ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የፋርማሲ ድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በአንድ ጤና ጣቢያ የአንቲባዮቲክ አስተዛዘዝን ላጠና አስቤያለሁ። ፋርማሲው ውስጥ የተቀመጡት የዓመቱ ማዘዣዎች 7,200 ያህል ናቸው። ስንቱን ልውሰድ? እንዴትስ ልምረጥ? (ከጅማ)

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው መመሪያ ብዙ ተቋማትን ለሚያጠና ሰው ቢያንስ 600 የሕክምና ጉብኝት ይጠይቃል፤ ከ20 ተቋማት 30፣ 30 ማለት ነው። አንድን ተቋም ለብቻው ለመገምገም ቢያንስ 100 ይላል። በ100 ግን ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 ነጥብ ሊርቅ ይችላል፦ 50 በመቶ ቢያገኙ እውነተኛው ቁጥር በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ40 እስከ 60 ባለው ውስጥ ነው። በ600 ይህ ወደ 4 ነጥብ ስለሚጠብ፣ ጊዜ ካለዎት 600 ይውሰዱ። 7,200 ለ600 ሲካፈል 12 ነው። ማዘዣዎቹን በቀን ቅደም ተከተል ይደርድሩ፣ ከ1 እስከ 12 አንድ ቁጥር በዕጣ ያውጡ፣ ከዚያ በየ12ኛው ያንሱ። ድካም ለመቀነስ ብሎ የአንድ ወር ጥራዝ ብቻ ማንሳት አያዋጣም፤ ወባ የሚበዛበት ጥቅምትና ጉንፋን የሚበዛበት ክረምት አንድ ዓይነት ማዘዣ አይሰጡም።

ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነገር ነው። ማዘዣ ወረቀት ታካሚ ማለት አይደለም። መርፌው በአንድ ወረቀት፣ እንክብሉ በሌላ ወረቀት የተጻፈለት ሰው ሁለት ታካሚ ሆኖ ይቆጠራል፤ በአንድ ጉብኝት የታዘዘው የመድኃኒት ብዛት አማካይም ከእውነቱ በታች ይወርዳል። የካርድ ቁጥሩንና ቀኑን አመሳክረው አንድ ያድርጓቸው። መድኃኒት ሳይታዘዝለት ተመክሮ የተሸኘ ታካሚ ደግሞ ፋርማሲው ውስጥ ወረቀት የለውም። ለምሳሌ 1,000 ሰው ታክሞ 800ው ማዘዣ ቢቀበል፣ 400ው አንቲባዮቲክ ቢታዘዝለት፣ ከማዘዣ ሲቆጠር 50 በመቶ፣ ከታካሚ ሲቆጠር 40 በመቶ ይሆናል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ጠፍቶ ወደ ግል ፋርማሲ የተላከ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ እርስዎ እጅ የሚቀረው ሐኪሙ ያዘዘው ሳይሆን መደርደሪያው ላይ የነበረው ነው። ስለዚህ ናሙናውን ከተመላላሽ ታካሚዎች መዝገብ አውጥተው ወደ ታካሚው ካርድ ቢሄዱ እንመርጣለን። ካርድ ክፍል ውስጥ የማይገኙ ካርዶች ይኖራሉ፤ ስንቱ እንደጠፋ መዝግበው በውጤቱ ክፍል ይጻፉት እንጂ በሌላ ካርድ ዝም ብለው አይተኩት።

ቆጠራ ከመጀመርዎ በፊት ደንቡን በወረቀት ያስፍሩ። ኮትሪሞክሳዞል ሁለት ንጥረ ነገር ቢኖረውም አንድ መድኃኒት ነው። ክትባት ከመርፌ አይቆጠርም። ሜትሮኒዳዞል (ለአሜባና ለጃርድያም የሚታዘዝ ነው) እና የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ከአንቲባዮቲክ ይግቡ አይግቡ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች በሜትሮኒዳዞል ካልተስማሙ የመጨረሻው መቶኛ ብዙ ሊዛነፍ ይችላል። ሁለቱም ተመሳሳይ 30 ካርዶች ለየብቻ ቆጥረው ልዩነታቸውን ያስታርቁ።

ብዙ ጽሑፎች አንቲባዮቲክ የታዘዘባቸው ጉብኝቶች ከ20 እስከ 26.8 በመቶ ይሁኑ የሚለውን መጠን እንደ ሕግ እየጠቀሱ “ከዚህ በላይ ስለሆነ አላግባብ ታዟል” ይላሉ። በዚህ አንስማማም። የሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት የሚበዙበት ክፍል ከፍ ያለ ቁጥር ቢኖረው ጥፋት አይደለም። የበሽታውን ስያሜ ከካርዱ ሳይወስዱ ስለ አግባብነት መናገር አይቻልም። ከጠቅላላው መቶኛ ይልቅ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምድብ ቢለዩት ይጠቅማል፦ አሞክሲሲሊንና ዶክሲሳይክሊን “አክሰስ” (በቅድሚያ የሚመረጡት)፣ ሴፍትሪያክሶንና አዚትሮማይሲን “ዋች” (ጀርሞች እንዳይላመዷቸው በጥንቃቄ የሚታዘዙት) ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው መግለጫ በ2030 በዓለም ላይ ሰዎች ከሚወስዱት አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከ“አክሰስ” እንዲሆን ይላል። የጤና ጣቢያው ሴፍትሪያክሶን ድርሻ ስንት እንደሆነ ማወቅ ለሐኪሞቹም ለእርስዎም የሚሠራ ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ በሪፖርታችን መሠረታዊ መድኃኒቶች “አሉ” ይባላል፤ ታካሚው ግን “ከውጭ ግዙ ተባልን” ይላል። የቱ ነው ትክክል? (ከደሴ፣ የጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ)

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተለካው ነገር ይለያያልና። ሪፖርቱ ብዙውን ጊዜ ከዋናው እስቶር ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ከሚጻፍበት ካርድ) ይወጣል። እስቶር ያለ መድኃኒት ወደ ማደያ መስኮቱ ያልወጣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም 250 ሚሊግራም ካፕሱል አለ ተብሎ ሕፃኑ የሚፈልገው ሽሮፕ የለም። ስለዚህ መድኃኒቱን በስሙ ብቻ ሳይሆን በዓይነቱና በጥንካሬው ይዘርዝሩ፦ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ 125 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ሊትር፣ ይህን ያህል ግልጽ ይሁን። በሄዱበት ቀን መደርደሪያውን በዓይንዎ ይዩ፤ ጊዜው ያለፈበትን እንደሌለ ይቁጠሩ። ከዚያ የ6 ወሩን ቢን ካርድ ከፍተው ቀሪው ዜሮ ሆኖ የቆየባቸውን ቀናት ይደምሩ። የአንድ ቀን ጉብኝት መድኃኒት በገባ ማግስት ከሆነ ሁሉ ሙሉ ይመስላል።

መድኃኒት የመግዛት አቅምን ለመለካት የተለመደው መንገድ የአንድ ሙሉ ሕክምና ዋጋ ዝቅተኛው የመንግሥት ተከፋይ በስንት ቀን ደመወዙ እንደሚገዛው ማየት ነው። አሞክሲሲሊን 500 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን 21 ካፕሱል ነው። አንዱ 5 ብር ቢሆን 105 ብር፤ የቀን ደመወዙ 150 ብር ቢሆን 0.7 ቀን ይሆናል። ሆኖም ገበሬውና የቀን ሠራተኛው ደመወዝተኛ አይደሉም፤ ቁጥሩ ከእነርሱ ኑሮ ይልቅ የተሻለ ሥዕል ያሳያል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልም መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ከጠፋ በብዛት ከኪሱ ይገዛል፤ ስለዚህ አባላትን ለይተው “ባለፈው ጉብኝት ከውጭ ስንት ብር ከፈሉ?” ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የስኳር ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በአግባቡ መውሰዳቸውን በሞሪስኪ መጠይቅ ልለካ ነበር፤ አማካሪዬ ተጠንቀቅ አሉኝ። ለምን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ባለ 8 ጥያቄው የሞሪስኪ መጠይቅ ባለቤት አለው፤ ፈቃድ ይፈልጋል። ሳያስፈቅዱ የተጠቀሙ ተመራማሪዎች ክፍያ ተጠይቀዋል፣ የታተመ ጽሑፍ እስከ መሻርም ተደርሷል። ፈቃዱን ካላገኙ የቀረ መድኃኒት መቁጠርን ከአጭር ቃለ መጠይቅ ጋር ያጣምሩ።

ስሌቱ ቀላል ነው፣ ግን በአንድ ቦታ ይበላሻል። ሜትፎርሚን በቀን 2 ፍሬ ለሚወስድ ሰው 60 ፍሬ ሰጡት እንበል። ከበፊቱ 6 ፍሬ ቀርቶት ነበር። በ30ኛው ቀን ሲመጣ እጁ ላይ 16 ፍሬ አለ። 66 ሲቀነስ 16፣ 50 ፍሬ ወስዷል፤ መውሰድ የነበረበት 60 ስለሆነ 83 በመቶ ነው። ያንን 6 ፍሬ ከረሱት 44 ለ60፣ 73 በመቶ ይወጣል፤ ብዙዎች “በአግባቡ ወስዷል” ለማለት ከሚጠቀሙበት የ80 በመቶ መስመር በታች አወረዱት ማለት ነው። በ28ኛው ቀን ቢመጣ አካፋዩ 56 ይሆናል እንጂ 60 አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን “ቤት የቀረ አለዎት?” የሚለው ጥያቄ አይዘለል።

ቃለ መጠይቁን በነጭ ጋወን አይጠይቁ። “መድኃኒትዎን በአግባቡ ይወስዳሉ?” ሲባል ሁሉም “አዎ” ይላል። “ባለፉት 7 ቀናት ስንት ጊዜ አመለጠዎት?” የተሻለ ነው። በጾም ሰዓት የጠዋቱን ፍሬ የሚያዘገይ፣ በረመዳን ሁለቱን በማታ የሚያደርግ፣ ጠበል ሲገባ ለጊዜው የሚያቆም ሰው አለ፤ ጥያቄው ተግሣጽ ከመሰለው ይደብቀዋል። እነዚህን ለየብቻ፣ በረጋ ቃል ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከዩኒቨርሲቲ መጣን ያሉ ልጆች ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ለማየት ጠየቁኝ። ላሳያቸው? (ከአዲስ አበባ፣ የቤት እመቤት)

መልስ፦ እናታችን፣ መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ የተሰጣቸውን ደብዳቤ ያሳዩዎት። ዓላማቸውን ካስረዱ በኋላ ፈቃድዎን ይጠይቃሉ፤ እምቢ ማለትም፣ መሃል ላይ ማቆምም መብትዎ ነው፣ ሕክምናዎ ላይ ምንም አይነካም። የሚመዘግቡት የመድኃኒቱን ስም፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ከየት እንደመጣና ለምን እንደተቀመጠ ነው። ስምዎን ከመድኃኒቱ ጋር አያይዘው መጻፍ፣ መድኃኒቱን ይዘው መሄድ ወይም “ይህን አቁሙ” ማለት ሥራቸው አይደለም።

የተረፈ አንቲባዮቲክ ካለዎት አይደብቁ፤ ጥናቱ የሚፈልገው እሱን ነው። በውኃ የተበጠበጠ የልጆች ሽሮፕ ግን በአብዛኛው የሚያገለግለው ከ7 እስከ 14 ቀን ነው፣ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው። ያለፈበትን ለሌላ ልጅ አይስጡ፤ አወጋገዱን የአካባቢዎን ፋርማሲስት ይጠይቁ።