መስከረም 1 ባንዲራችን ሲቲ ሆል ፊት ይሰቀልልን ይሆን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከኮሎራዶ ነው። የከተማችን የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ጸሐፊ ነኝ። እንቁጣጣሽን በየዓመቱ ፓርክ ውስጥ እናከብራለን። ዘንድሮ ግን ባንዲራችን ሲቲ ሆል ፊት ለፊት እንዲሰቀልልን ጠየቅን። ቢሮ ያገኘኋት ሴት «ደንባችን አይፈቅድም» አለችኝ። ጎረቤት ከተማ ግን የሌላ አገር ባንዲራ ሲሰቀል በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጓደኛዬ «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መከልከል አይቻልም ብሏል፤ ክሰሱ» ይለኛል። እውነት ነው? ሌላው ደግሞ፣ «ልሙጡ ይሁን»፣ «ኮከብ ያለበት ይሁን» በሚል ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ያወራው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። የሰማው ግን ግማሹን ነው።

ነገሩ የቦስተን ነው። እዚያ ሲቲ ሆሉ ፊት ሦስት ረጃጅም ምሰሶዎች አሉ። አንዱ የአሜሪካን፣ አንዱ የማሳቹሴትስን ባንዲራ ይይዛል። ሦስተኛው የከተማው ነው። ከተማው ግን ይህን ሦስተኛውን ለነዋሪዎች ያውሰው ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2005 እስከ 2017 ድረስ 50 የሚሆኑ የተለያዩ ባንዲራዎች 284 ጊዜ ተሰቅለውበታል። የእኛም አለበት። የፍርድ ቤቱ ሰነድ ኢትዮጵያን ከብራዚል፣ ከጣሊያንና ከፔሩ ጋር ይጠራታል። ያን መስመር ሳነብ ደስ አለኝ። አንድ የአገራችን ሰው ቅጽ ሞልቶ፣ ባንዲራ ታቅፎ እዚያ ደጃፍ ቆሟል ማለት ነው።

በ2017 አንድ ድርጅት የክርስትና ባንዲራ ልስቀል ብሎ ጠየቀ። ከተማው «ሃይማኖት የደገፍን ይመስልብናል» ብሎ ከለከለ። በዚያ ሁሉ ዓመት እምቢ ያለው ይህንኑ አንዱን ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሜይ 2 ቀን 2022 ዘጠኙም ዳኞች በቦስተን ላይ ፈረዱ።

ልብ በል፣ ፍርዱ «ማንም የጠየቀውን ስቀሉ» አይልም። ቦስተን የሚሰቀለውን አይመርጥም ነበር። ግልጽ የጽሑፍ ደንብም አልነበረውም። ለጠየቀ ሁሉ ሲፈቅድ ስለኖረ ምሰሶው የከተማው አንደበት መሆኑ ቀረና የሕዝብ መድረክ ሆነ። መድረክ ከሆነ ደግሞ አንዱን በሃይማኖቱ ነጥሎ ማስቀረት አይቻልም። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ስቲቨን ብሬየር መውጫውንም እዚያው አሳይተዋል። ከተማ «ምሰሶው የእኔ ነው፤ የሚሰቀለውን የምወስነው እኔ ነኝ» ብሎ ደንብ ማውጣት ይችላል። የካሊፎርኒያዋን ከተማ የሳን ሆሴን ደንብ በምሳሌነት ጠቅሰዋል። ቦስተንም ብዙ ሳይቆይ አሠራሩን ቀየረ።

ስለዚህ ክሱን ተወው። መጀመሪያ ማድረግ ያለብህ የባንዲራ ደንቡን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። «አይፈቅድም» የሚለውን ቃል ብቻ ይዘህ አትመለስ። ደንቡ የሕዝብ ሰነድ ነው፤ የማየት መብት አለህ። ሲያነቡት ሌላ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ለምሳሌ በሚሺጋን ያለችው ሃምትራምክ በ2023 የቡድን ባንዲራዎችን ሁሉ ከከተማው ምሰሶ ከልክላለች። የከተማዋን ዓለም አቀፍ ገጽታ የሚያሳዩ የአገሮችን ባንዲራ ግን ፈቅዳለች። እዚያ ያለ ጸሐፊ «አይፈቀድም» ተብሎ ሳያነበው ቢመለስ ኖሮ መብቱን ጥሎ በሄደ ነበር። ዩታም በ2025 የመንግሥት ሕንጻ ላይ የሚሰቀለውን የሚገድብ ሕግ አውጥታለች፤ ቅጣቱ በቀን 500 ዶላር ነው። እነዚህ ክርክሮች የተነሱት በአብዛኛው በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የቀስተ ደመና ባንዲራ ምክንያት ነው። ሕጉ ሲወጣ ግን ሁሉንም ስለሚነካ እኛም ማንበብ አለብን።

የምሰሶውን ቁጥርም ቁጠር። በአሜሪካ የባንዲራ ሕግ የሁለት አገር ባንዲራ የሚሰቀለው በየራሱ ምሰሶ፣ እኩል ከፍታ ላይ ነው። በሰላም ጊዜ የአንዱ ከሌላው በላይ አይውለበለብም። ሲቲ ሆላችሁ አንድ ምሰሶ ብቻ ካለው ሴትየዋ «አይቻልም» ያለችህ በክፋት ላይሆን ይችላል።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልንገርህ። እኔም ሌላ ከተማ አንተ ባለህበት ወንበር ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ማመልከቻ ስሞላ ቀኑን «ሴፕቴምበር 11» ብዬ ጻፍኩ። ለእኔ መስከረም 1 ነው፤ አደይ አበባ ነው፤ «አበባየሆሽ» ነው። ወረቀቱን የተቀበለኝ ሰውዬ ቀኑን በጣቱ ነክቶ ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ በቀስታ «በዚያ ቀን እኛ ባንዲራችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንሰቅለው» አለኝ። ወንድሙ እሳት አደጋ ሠራተኛ እንደሆነ ነገረኝ። በ2001 በሽብር ጥቃቱ የሞቱትን ለማሰብ በዚያ ቀን የአሜሪካ ባንዲራ በመላ አገሪቱ እስከ ምሰሶው ግማሽ ዝቅ ይላል። እነሱ ሐዘን ላይ ሆነው የእኛ በደስታ ከፍ ሊል አይችልም፤ ከፍ ቢልም አያምርብንም። እኛ ለቅሶ ቤት ምን እንደሚደረግ የምናውቅ ሰዎች ነን። ቀኑን ወደ ቅዳሜ አዛወርኩት። አንተም ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያለውን ቅዳሜና እሑድ ጠይቅ። እንቁጣጣሽ በ2027 እንደሚሆነው ሴፕቴምበር 12 ላይ ሲውል ግን በዕለቱ መጠየቅ ትችላለህ።

አጠያየቁም አለ። ቢሮ ያለችው ሴት ወሳኝ አይደለችም። የሰፈራችሁን የምክር ቤት አባል ፈልግ። እንቁጣጣሽን በስም የሚጠራ የከንቲባ አዋጅ ወይም የምክር ቤት ውሳኔ እንዲያወጡላችሁ ጠይቅ። ቦስተን ዛሬ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ምክር ቤት ቀጠሮው ይረዝማል፤ ግንቦት ላይ ጀምረው እንጂ ነሐሴ ላይ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። ይህ ብዙ ሰው ያኳረፈ ነገር ስለሆነ በቀጥታ እናገራለሁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ባንዲራው መሐል ላይ ዓርማ እንዳለው ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 654/2001 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ደግሞ አገር ቤት ያለ ዓርማ መጠቀምን ይከለክላል። አዋጁ ኮሎራዶ አይደርስም። የከተማው ምሰሶ ግን ያንተ አይደለም፣ የኮሚቴውም አይደለም። ከተማው የሚሰቅለው በመንግሥት ደረጃ የሚታወቀውን ነው፤ ይኸውም ባለ ኮከቡ ነው። ልሙጡን የሚወዱ አባቶችና እናቶች አሉን። እሱን ይዘው ያደጉ፣ እሱን ለብሰው ወንድማቸውን የቀበሩ ናቸው። ፓርኩ ውስጥ፣ በእጃቸው፣ በነጠላቸው ጥለት ላይ ማንም አይከለክላቸውም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ይጠብቃቸዋል። ይህን ሁለቱን ቦታ ለይታችሁ ከማመልከታችሁ በፊት ተስማሙ። ካልተስማማችሁ አታመልክቱ። ሁለት ቡድን ለአንድ ከንቲባ ቢሮ እየደወለ፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ ሲያጣጥል፣ ቢሮው ሁለቱንም ትቶ ፋይሉን ሲዘጋ አይቻለሁ። በዚያ ዓመት ልጆቻችን ምንም አላዩም።

አንድ ነገር ቀረኝ። የተፈቀደልን ቀን ጥበቃው ባንዲራውን ከገመዱ ጋር አያያዘና መሳብ ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ አንዲት እናት «ኧረ ተገለበጠ!» ብለው ጮኹ። ቀዩ ከላይ ነበር። ተገልብጦ ከሩቅ ያየው ሰው የቦሊቪያ ነው የሚለው፤ የእነሱ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው። ጥበቃው አላጠፋም፤ ማንም አልነገረውም። ወርዶ እስኪስተካከል እኚያ እናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ቆመው ቆዩ። ስለዚህ ባንዲራውን ከማስረከብህ በፊት ቀለበቶቹ ባሉበት ነጭ ጠርዝ ላይ፣ በአረንጓዴው በኩል፣ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት በማርከር ሥራበት። ለሚሰቅለው ሰውም ራስህ በእጅህ አሳየው።